የሠራና ያሠራ

በአማርኛችን «ሠራ» እና «አሠራ» የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉ። በመካከላቸው ያለችው አንዲት «አ» ብቻ ብትሆንም፣ የምትሸከመው ሰው ግን ብዙ ነው። «ቤት ሠራ» ያልነው ሰው ጭቃውን የረገጠ፣ ማገሩን ያሰረ ነው፤ «ቤት አሠራ» ያልነው ግን ከኋላው ሌሎች እጆች እንዳሉ ቃሉ ራሱ ይመሰክርበታል። ቋንቋችን በዚህ ረገድ እውነተኛ ነው። ያልታመንነው እኛ ተናጋሪዎቹ ነን፤ ሕንፃው ትልቅ በሆነ መጠን «አ»ዋን እንውጣታለንና። ጎረቤታችን ስላቆመው ቤት «አሠራ» እንላለን፤ ንጉሥ ላቆመው ሲሆን ግን «ሠራ» ብለን እናልፋለን።

ከጅማ ከተማ በላይ፣ በጂሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የእንጨት ቤተ መንግሥት ለማሳየት ተማሪዎቼን ይዤ በሄድሁ ቁጥር ይህን እታዘባለሁ። ጅማን ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር «ሠሩት» ይባላል፤ (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ልጆቹም በደብተራቸው እንዲሁ ይጽፋሉ። ያን ሁሉ ሳንቃ የላገው፣ የሰገነቱን መደገፊያ የቀረጸው አናጢ ማን እንደ ነበረ የጠየቀኝ ልጅ እስካሁን የለም። እኔም መምህራቸው ሆኜ ጥያቄውን አላስነሣሁም።

የዚህ ጽሑፌ ነገር ስለ ሕንፃዎች ሳይሆን ስለ ሕንፃዎች የተጻፉና የተነገሩ ታሪኮች ነው። ነገር ግን ሌላውን መተቸት ከመጀመሬ በፊት የራሴን ጉድ ላስቀድም።

የምኖረው በየቡ ነው። የማያውቃት አንባቢ ቢኖር፣ የቡ ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የማና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በእኛ አገር ሕንፃ የሚቆመው በቡና ነው። እሸቱ ተለቅሞ፣ ጀንፈሉ ደርቆ ሲሸጥ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ግንበኛ ይጠራል፤ ዋጋ በወደቀበት ዓመት ግን ግድግዳው ጣሪያ ሳያገኝ ክረምቱን ይቀበላል። መስጊዱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ የነጋዴውም ቤት የሚተዳደሩት በዚሁ ሕግ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው በአንድ የገጠር መንደር ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ፣ የአሠሪው ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርሁ። ቦታው ተዳፋት ስለ ሆነ ግንቡ ከመጀመሩ በፊት አፈሩ ከላይ በኩል ተቆርጦ ወደ ታች መውረድ ነበረበት። ይህን የሠሩት የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ክርስቲያንም እስላምም ነበረባቸው። በዶማና በአካፋ እየቆፈሩ፣ በጆንያና በባሬላ እየተሸከሙ ከሁለት ወር በላይ አፈር አመላለሱ። በየማለዳው ስማቸውን የምመዘግበው እኔ ነበርሁ። በመጨረሻው ላይ የቡና ዋጋ ወረደና ገንዘቡ አጠረ። ኮሚቴው የቀረችውን ለቆርቆሮ አዋላት፤ የአፈር ተሸካሚዎቹ የሁለት ሳምንት ሒሳብ «ሲገኝ ይከፈላል» ተብሎ ቀረ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። «ሲገኝ» የምትለውን ቃል ስጽፍ ምንም አልተሰማኝም።

የምረቃው ዕለት ንግግር እንዳደርግ ታዘዝሁ። የተማረ ሰው ሲናገር ከሩቅ መነሣት አለበት የሚል ልማድ አለብንና እኔም ከላስታ ተነሣሁ። የቅዱስ ላሊበላን ነገር አወራሁ፤ ሰዎች ቀን ሲሠሩ ይውሉ እንደ ነበር፣ ሌሊት መላእክት ይረከቧቸው እንደ ነበር፣ በማግሥቱም ሥራው በዝቶ ይገኝ እንደ ነበር ተረክሁ። ሕዝቡ እልል አለ። እልልታው ጣፈጠኝና «በዚህም ሕንፃ ላይ የመላእክት እጅ አለበት» ብዬ ጨመርሁበት።

ሰዉ ለምሳ ሲነሣ አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ቀረቡ። ከአፈር ተሸካሚዎቹ አንዱ ነበሩ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?» አሉኝ።

«ይጠይቁ፣ አባቴ።»

«በዚያ አገር ድንጋዩ ሁሉ ሲፈለፈል፣ የተፈለፈለውን ማን አወጣው? እሱንም መላእክቱ ናቸው?»

የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ፤ አላሾፉም። ሁለት ወር አፈር የተሸከመ ሰው ሊጠይቀው የሚገባውን ጥያቄ ነበር የጠየቁት። «መጽሐፍ አይቼ እነግርዎታለሁ» አልኋቸው። ስለ ቀረው ገንዘባቸው አላነሡም፤ እኔም አላነሣሁም።

መጽሐፍ ማየቱ ግን አልቀረልኝም። ገድለ ላሊበላ ንጉሡ ካረፈ ከብዙ ዘመን በኋላ የተጻፈ ነው፤ ጁል ፔሩሾን የሚባል ፈረንሳዊ በ1892 ከፊሉን ከነትርጉሙ ፓሪስ ላይ አሳትሞታል። ምንም እንኳ በልጅነቴ ግእዝ ብማር፣ ታሪኩን የማውቀው እንደ ማንም ሰው ከአፍ ነበር። አሁን ግን እየተንተባተብሁም ቢሆን መሥመር በመሥመር ሄድሁበት። መላእክቱን አገኘኋቸው፤ ንግግሬ በዚያ በኩል ሐሰት አልነበረም። ከእነርሱ በፊት ግን ሌላ ነገር ተጽፎ አገኘሁ።

ንጉሡ አስቀድሞ ልዩ ልዩ የብረት መሣሪያ አሠራ፤ አንዳንዱ ድንጋይ ለመፍለጥ፣ አንዳንዱ ለመጥረብ። ቀጥሎ ሰዎችን ሰበሰበ። ለዚህ ሥራ የመጣችሁ ሁሉ የምትፈልጉትን ዋጋ እያንዳንዳችሁ በየአፋችሁ ንገሩኝ፤ ያለ ፈቃዳችን አሠራን እንዳትሉ የምትሉትን እሰጣችኋለሁ የሚል መንፈስ ያለው ቃል ተናገራቸው። ድንጋይ የሚፈልጠውም አፈር የሚያወጣውም በየድርሻው ተጠርቷል። እያንዳንዱም ዋጋውን ተናገረ፤ ንጉሡም ሥራው ከተጀመረበት እስኪያልቅ ድረስ ከፈለ።

እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። የሽማግሌው ጥያቄ መልስ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ተጽፎ ኖሯል። አፈር አውጪው በገድሉ ውስጥ አለ። የሌለው በእኔ ንግግር ውስጥ ብቻ ነው።

የገድሉን ጸሐፊ አስተዋይነት አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ጸሐፊው የተነሣው የቅዱሱን ተአምር ለመመስከር እንጂ የሠራተኛ መዝገብ ለመያዝ አይደለም። ቢሆንም የደመወዙን ነገር መጻፉ ተአምሩን ያሳንስብኛል ብሎ አልፈራም። በእርሱ አጻጻፍ መላእክቱ የሚመጡት የሰው እጅ በሥራ ላይ እያለ ሊያግዙ ነው፤ የማንንም ስም ሊሰርዙ፣ የማንንም ዋጋ ሊያስቀሩ አልመጡም። ከዚያ ወዲህ የተነሣን ተራኪዎች ግን ሌሊቱን ይዘን ቀኑን ጣልን። እኔ ከመላእክቱ ጋር ጠብ የለኝም፤ ጠቤ ከተራኪው ጋር ነው።

ይህ ጉድለት የእኛ ብቻ እንደሆነ ለማወቅ ስል ወደ ሌላ አገር መጻሕፍት ዞርሁ። ላሊበላ የነገሠው በ12ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ገደማ ነው። በዚያው ትውልድ በፈረንሳይና በእንግሊዝ ጎቲክ የሚባሉት ታላላቅ ካቴድራሎች ይነሡ ነበር። የሻርትር ከተማ ካቴድራል በ1194 ተቃጥሎ እንደገና መሠራት ሲጀምር በሮሃም የመሮ ድምፅ ይሰማ ነበር ማለት ነው። ሁለቱ ወገኖች አንዱ የሌላውን ሥራ አላዩም። አሠራራቸውም ተቃራኒ ነበር፤ በሻርትር ድንጋይ እየተጨመረ ወደ ላይ ይወጣል፣ በሮሃ ድንጋይ እየተቀነሰ ወደ ታች ይወርዳል።

የካቴድራሎቹ ግንበኞች ትልቁ ችግር ክብደት ነበር። የድንጋይ ጣሪያ ግድግዳን ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይገፋል፤ ስለዚህ ቀደም ያለው ዘመን ግድግዳውን አወፍሮ መስኮቱን ያጠብብ ነበር። የጎቲክ ሠሪዎች ግን ሦስት ነገሮችን አገናኙ። አንደኛው ጫፉ የሾለ ቅስት ነው፤ ይህ ከክቡ ቅስት ያነሰ ወደ ጎን ይገፋል። ሁለተኛው በጣሪያው ሥር እንደ ጎድን አጥንት የተዘረጋው የድንጋይ ዘንግ ነው፤ ክብደቱን ሰብስቦ ወደ ምሰሶዎቹ ያወርዳል። ሦስተኛው ከውጭ በኩል በአየር ላይ ተወርውሮ ግድግዳውን የሚደግፈው የድንጋይ ክንድ ነው። በዚህ ምክንያት ግድግዳው ሸክሙ ቀለለለትና ቦታውን ለባለ ቀለም መስተዋት ለቀቀ።

ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ድንጋዩን ወደ ላይ የሚያወጣው ሰዎች በውስጡ እየተራመዱ የሚያዞሩት ትልቅ የእንጨት መንኰራኵር ነበር። ቅስት እስኪገጥም ድረስ ከሥሩ አናጢዎች የእንጨት ደጋፊ ያቆማሉ፤ ኖራው እስኪደርቅ መታገሥ ያስፈልጋል። ክረምት ሲመጣ ውርጩ ኖራውን እንዳያበላሸው የግንቡን አናት በጭድና በፍግ ሸፍነው ግንበኞቹ ይበተናሉ። እኛ የቡና ወቅት እንደምንጠብቅ እነርሱም በጋን ይጠብቁ ነበር። ገንዘብ ሲያልቅም ያው እንደኛው ነው፤ በ1248 የተጀመረው የጀርመኑ የኮሎኝ ካቴድራል በ16ኛው ምዕት ዓመት ተቋርጦ፣ የእንጨት ማንሻው ባላለቀው ግንብ አናት ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት ቆሞ፣ ያለቀው በ1880 ነው። ልክን ማለፍም ነበር። የቦቬ ከተማ ሰዎች ከሁሉ የሚበልጥ ከፍታ ፈልገው የካቴድራላቸውን ጣሪያ ወደ 48 ሜትር ሰቀሉት፤ በ1272 ከተጠናቀቀ ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1284፣ ከፊሉ ተናደ።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ ልመለስ። ከጎቲክ ሥራዎች የመጀመሪያው ነው የሚባለው በ1144 የተቀደሰው የሴን ድኒ ገዳም ቤተ መቅደስ ነው። ያሠራው አበ ምኔት ሱዤር ስለ ሥራው ራሱ ጽፏል። ጽሑፉ ጣዕም አለው። አናጢዎች በአካባቢው ለትልልቅ አግዳሚ የሚበቃ ዛፍ የለም ቢሉት ራሱ ጫካ ገብቶ 12 እንጨት እንዳገኘ ይተርካል፤ ገና ያልተጠናቀቁት ቅስቶች በማዕበል ነፋስ እየተወዛወዙ ሳይወድቁ እንደ ቀሩም ይናገራል። ስሙን በሕንፃው ላይ ከአንድ ቦታ በላይ አስጽፏል። ነገር ግን ያን አዲስ ነገር አስቦ የገነባው የግንበኞች አለቃ ማን እንደ ነበረ በጽሑፉ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ቢፈለግ አይገኝም። እንጨቱን ማን እንዳገኘው እናውቃለን፤ ቅስቱን ማን እንደ ገጠመው አናውቅም። ይህ ከእኔ የምረቃ ንግግር ጋር አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው፤ የሱዤር አጻጻፍ የተሻለ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ከእርሱ ጋር ሳነጻጽረው በጣም የወደድሁት የእንግሊዛዊውን መነኵሴ የጀርቬዝን ታሪክ ነው። የካንተርበሪ ካቴድራል በ1174 በእሳት ሲጎዳ እርሱ በዚያው ገዳም ነበር። መነኰሳቱ ለሥራው ከመረጧቸው ሊቃውንት መካከል ጊዮም ዘሳንስ የሚባል ፈረንሳዊ ነበረ። ጀርቬዝ የዚህን ሰው ጠባይ ሳይቀር ይነግረናል። ጊዮም የቃጠሎውን ጉዳት መርምሮ ምን ያህል መፍረስ እንዳለበት ቢያውቅም፣ መነኰሳቱ ኀዘን ላይ ስለ ነበሩ እውነቱን በአንድ ጊዜ አላወረደባቸውም፤ ልባቸው እስኪረጋ ጠብቆ ነገራቸው። ድንጋይ ከባሕር ማዶ፣ ከፈረንሳይ አገር አስመጣ፤ መርከብ መጫኛና ማራገፊያ መሣሪያ ፈጠረ፤ ለጠራቢዎቹም የየድንጋዩን ቅርጽ የሚያሳይ ልክ እያወጣ ሰጠ። በ1178 ትልቁን ጣሪያ ለመግጠም ሲዘጋጅ የቆመበት ርብራብ ከእግሩ ሥር ተሰበረና 15 ሜትር ከሚያህል ከፍታ ከእንጨትና ከድንጋይ ጋር ወደቀ። አልጋ ላይ ሆኖ፣ አንድ ወጣት መነኵሴ በእርሱ ትእዛዝ ሥራውን እየተቆጣጠረለት ጥቂት ጊዜ ካስቀጠለ በኋላ፣ የማይድን መሆኑን ሲያውቅ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሥራውን ሌላ ጊዮም፣ እንግሊዛዊው፣ ተረከበ።

ጀርቬዝም አማኝ መነኵሴ ነው፤ የሚጽፈውም ስለ እግዚአብሔር ቤት ነው። ሆኖም የወደቀውን ሰው አልደበቀም። ሕንፃውን የሚያይ ሰው የእነዚያ መወጣጫዎች መሰበር ትዝ እንዲለው አድርጎ ጻፈ። እኔ ይህን የተቀደሰ ጽሑፍ እለዋለሁ፤ የሱዤርን ግን የጌታ ጽሑፍ እለዋለሁ።

ጀርቬዝም ቢሆን የጠራው አለቆቹን ነው፤ ድንጋይ ተሸካሚውን አልጠራም። ለእርሱ የሚደርስለት ደረቁ የሒሳብ መዝገብ ነው። የለንደን የዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን የ1253 ዓመት የሥራ ሒሳብ እስከ ዛሬ አለ። በየሳምንቱ ስንት ጠራቢ፣ ስንት አናጢ፣ ስንት ቀጥቃጭ፣ ስንት ተራ ሠራተኛ እንደ ዋለ ተጽፏል፤ በበጋው ከ400 በላይ የነበሩት በኅዳር ወደ 100 ገደማ ይወርዳሉ። ይህን መዝገብ ሳስብ የራሴ የማለዳ መዝገብ ትዝ ይለኛል። ያን ደብተር እንደ ተራ ወረቀት ቆጥሬ፣ ንግግሬን ግን እንደ ትልቅ ነገር አጽድቼ ጽፌ ነበር።

ክፉውንም ወገን ሳልናገር ብቀር ፍርዴ ይጓደላል። የእነዚህ ሕንፃዎች ገንዘብ የመጣው በፈቃደኛ ምጽዋት ብቻ አይደለም። ሬምስ በምትባለው ከተማ በ1233 ሕዝቡ በሊቀ ጳጳሱ ላይ በገንዘብ ነገር ተነሣ፤ ለካቴድራሉ የመጣውን ድንጋይ ለመንገድ መዝጊያ አዋለው፤ የሕንፃው ሥራም ለጥቂት ዓመታት ቆመ። የዚያን ከተማ ካቴድራል ውበት ሲያደንቁ ይህን የሚያነሡ ጥቂቶች ናቸው። ድንጋይ ግን አንድ ነው፤ የተጠራበት ሥራ ፍትሕ ከጎደለው በሌላ ሥራ ላይ ይውላል።

ደግሞ በዘመናችን አንድ የሚያስደስት ነገር ሆኗል። በ2019 የተቃጠለው የፓሪስ የኖትር ዳም ካቴድራል ታድሶ በታኅሣሥ 2024 ሲከፈት፣ በሾጣጣው ግንብ ጫፍ ላይ አዲስ የዶሮ ምስል ቆሞ ነበር። በዚያ ዶሮ ሆድ ውስጥ፣ ከቅዱሳን ዐፅም ጋር፣ በእድሳቱ ላይ የሠሩ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች ስም ተጽፎ ተቀምጧል። ማንም አያነብበውም፤ ቢሆንም አለ።

ወደ ሮሃ ስመለስ የሽማግሌውን ጥያቄ አልረሳሁም። የላሊበላ አሠራር እንዲህ ነው። በመጀመሪያ በዙሪያው ቦይ ይቆፈርና መካከሉ ላይ ትልቅ ዐለት ይቀራል። ከዚያ ጠራቢዎቹ ከጣሪያው ጀምረው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ በመስኮቱና በደጁም ገብተው ውስጡን ይፈለፍላሉ፤ ምሰሶው፣ ቅስቱ፣ መቅደሱ ሳይነካ የሚቀር ዐለት ነው። የቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመት ከ33 ሜትር በላይ ነው፣ ወርዱ ከ23 ሜትር በላይ፣ ከፍታው 11 ሜትር ያህል። ግንበኛ የተሳሳተውን ድንጋይ አውጥቶ ሌላ ይተካል፤ ዐለት ፈልፋይ ግን አንድ ጊዜ ከተሳሳተ መመለሻ የለውም። ክረምቱ ጕድጓዱን ኵሬ እንዳያደርገው የውኃ መውረጃውም አብሮ መታሰብ ነበረበት።

የተፈለፈለውስ? ይህ ቀላል ጥያቄ የሊቃውንትን ጆሮ ያገኘው ዘግይቶ ነው። ስለ ላሊበላ የጻፉ ብዙዎች ዓይናቸው በቤተ ክርስቲያኖቹ ላይ ነበር እንጂ በዙሪያቸው ባለው ጉብታ ላይ አልነበረም። በ2010 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ግን ከቁፋሮው ወጥቶ የተቆለለው ፍርስራሽ እዚያው እንደሚገኝ አመለከተ፤ ሥራው በየትኛው ቅደም ተከተል እንደ ተካሄደም ለማወቅ ከረዱት ነገሮች አንዱ ይኸው ክምር ነው። አንዳንድ ሊቃውንትም ሁሉም ነገር በአንድ ንጉሥ ዘመን አልተጀመረም፣ ጥቂቶቹ ከእርሱ የቀደሙ ናቸው ይላሉ። የቀን ሠራተኛ በጫንቃው አውጥቶ የደፋው አፈር፣ ስሙ ሳይጻፍ፣ ዛሬ ለታሪክ ምስክር ሆኖ ቆሟል። የእኔ ሽማግሌ ይህን ከሊቃውንቱ እኩል፣ ጥናታቸውን ሳያዩ ጠየቁ።

ሥራውን ከሠሪው እጅ የሚነጥቅ ሌላም ተረት አለ። የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ16ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ አገራችንን ጎብኝቶ፣ በ1540 በታተመው መጽሐፉ ስለ እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ጻፈ። የሚያነብበው ሰው እንደማያምነው ስለ ፈራም እውነት መሆኑን ምሎ ተናገረ። ሥራው በ24 ዓመት እንዳለቀና የሠሩትም ከውጭ የመጡ ነጮች እንደሆኑ ነገሩኝ ብሎም ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የመስቀል ጦረኞች ናቸው የሚሉ ተነሡ። ለዚህ ማስረጃ የለም፤ ተቃራኒው ማስረጃ ግን በዐለቱ ላይ ተቀርጿል። ቤተ አማኑኤልን ያየ ሰው ግድግዳው አንድ ጊዜ ገባ፣ አንድ ጊዜ ወጣ ብሎ እንደ ተጠረበ ያስተውላል። ይህ አክሱማውያን ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ የሚገነቡበትን ዘዴ ያስመሰለ ነው። በዋሻ ውስጥ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በእውነተኛ እንጨትና ድንጋይ የተሠራው በዚሁ ዓይነት ነው። እንጨት በሌለበት ዐለት ላይ የእንጨት ቤት መልክ የሚቀርጽ ሰው፣ ያ ቤት ከአባቶቹ የወረሰው እንጂ ከባሕር ማዶ መጥቶ ያየው ሊሆን አይችልም።

በእኔ ግምት የባዕድ ሠሪው ተረትና በሌሊቱ ብቻ የምናወራው ተረት ዘመዳሞች ናቸው። አንዱ በንቀት፣ ሌላው በአክብሮት ይነገራል፤ ሁለቱም ግን መሮውን ከገበሬው እጅ ይቀበላሉ። ንቀቱን ስንሰማ እንቆጣለን፤ አክብሮቱን ስንሰማ እልል እንላለን።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ኮሚቴው በተሰበሰበበት ቀን የቀረውን ሒሳብ አነሣሁ። «የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ እነሱም ለበረከት ብለው ነው» ያሉ ነበሩ። የንጉሡን ቃል ከገድሉ አነበብሁላቸው። አንዱ አባል «ንጉሥ ገንዘብ አለው» አለኝ፤ ይህን ለመመለስ አልተቻለኝም። ብዙ ክርክር ተደርጎ ከሚቀጥለው የቡና ሽያጭ ላይ አስቀድሞ እንዲከፈል ተወሰነ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ሲገኝ» የሚለውን ቃል ሠርዤ ወሩን ጻፍሁበት።

ወሩ ሲደርስ የማለዳ መዝገቤን ይዤ ከቤት ቤት ዞርሁ። አብዛኞቹን አገኘኋቸው። ሁለቱ ለቡና ለቀማ ወደ ሌላ ወረዳ ሄደው አልተመለሱም ነበርና ገንዘባቸው በፖስታ ታሽጎ በኮሚቴው ሣጥን ተቀመጠ፤ እስካሁንም አለ። ሽማግሌውን ያገኘኋቸው በደጃቸው ጀንፈል ሲያገላብጡ ነው። ገንዘቡን ተቀብለው ቀስ ብለው ቆጠሩ፤ ትክክል መሆኑን ሲያውቁ በመቀነታቸው ቋጠሩት።

«መጽሐፉን አዩት?» አሉኝ።

«አየሁት፣ አባቴ። አፈር የሚያወጡት ሰዎች ነበሩ። ንጉሡ ዋጋችሁን ራሳችሁ ተናገሩ ብሏቸው፣ ያሉትን ከፍሏቸዋል።»

ጥቂት አሰቡና «ስንት አሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እሱን አልጻፈውም።»

«የእኛስ ተጽፏል?»

መዝገቡን ገልጬ ስማቸው ያለበትን መሥመር አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም ነበርና ጣታቸውን ከመሥመሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያስኬዱ ይዤ መራኋቸው። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ፈረሙልኝ።